ዘፋኙን እናውቃለን፤ አሳታሚውንስ?

በ2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአለማየሁ እሸቴ ዕረፍት በተሰማ ሰሞን አሌክሳንድሪያ አንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዘፈኖቻቸውን እየሰማን፣ ስለ ድምፃቸውና ስለ አለባበሳቸው እያወጋን አመሸን። በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት ቀደም ብለው ያረፉት የአቶ አምሃ እሸቴ ስም ግን ከማናችንም አፍ አልወጣም፤ ከእኔም ጭምር። አለማየሁን በሸክላ አሳትመው ለሕዝብ ያደረሱት እኚህ ሰው ነበሩ። በቤልትዌይ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ የኪነ ጥበብ ሐያሲ አይደለሁም። ይሁንና በእኛ ሙያ አንድ ድልድይ የሚመዘነው በምረቃው ቀን ጭብጨባ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ቆሞ በመገኘቱ ነው። የአሳታሚም ሥራ በዚሁ ሊመዘን ይገባል ባይ ነኝ። ታዳሚው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ቀረ?

አቶ አምሃ አዲስ አበባ ላይ ያስቀሩት ብዙ ነው። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት አምሃ በ1969 ይህን ብቸኛ መብት ተጋፍተው አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውን የአለማየሁን ሸክላ ህንድ አገር አሳትመው አስመጡ። እስከ 1975 ድረስም 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጡ። ዛሬ ፈረንጁ «ኢትዮፒክስ» እያለ የሚያደንቀው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁት ተከታታይ ሲዲ አንዱ ዋና ምሰሶው ይኸው ክምችት ነው።

በደርግ ዘመን፣ በ1975፣ አገር ጥለው ወደ አሜሪካ መጡ። ዋሽንግተን ላይም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ብሉ ናይል ምግብ ቤትን፣ በኋላም አይቤክስ የተባለውን የምሽት ክለብ ከፈቱ። ስደተኛው የሚሰባሰብበት፣ ሙዚቀኛውም የሚጫወትበት ቦታ አገኘ። የአምሃ ሪከርድስ የሸክላ ዝርዝር ግን 1975 ላይ እንደቆመ ቀረ።

ሂሴም እዚህ ላይ ነው። ክለብ ሌሊቱን ያደምቃል፤ ሲነጋ ግን የሚቀረው ትዝታ ብቻ ነው። ለዚህ እሳቸውን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አሳታሚ የሚኖረው ገዢ ሲኖር ነውና! እኛ ለአንድ ምሽት መግቢያ ሳናቅማማ እንከፍላለን፤ ለሥራው ግን እጃችን ያጥራል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሲዲ ገዝቼ ለአሥር ጓደኞቼ አባዝቻለሁ፤ ያውም ውለታ የዋልኩ እየመሰለኝ።

ማስረጃ ለሚሻ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይበቃዋል። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ለዓመታትም ታክሲ ነዱ። በየክለቡ የተጫወቱባቸው ሌሊቶች አልፈዋል። በ1985 የቀረጹት አንድ ካሴት ግን በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መለሳቸው።

በፊልሙም በኩል ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 ለ«ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጡ አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ፊልሙ በ2021 ታድሶ ለአዲስ ትውልድ ቀርቧል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ቴአትሩ ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆ በ2000 ያቋቋሙት ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል በዚህ አካባቢ ለቴአትርና ለግጥም መድረክ ሰጥቷል። ግን ያልተቀረጸ ቴአትር መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልፋል፤ የመቅረጹ ወጪም ለአዘጋጆቹ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም።

እናም ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትኬት ስንቆርጥ «ይህ ይቀረጻል ወይ? ማንስ ያስቀምጠዋል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱ «ገንዘብ የለም» ከሆነ ኪሳችንን እንዳብስ። ምድር ቤት ውስጥ የተከመረውንም ካሴት ከመጣላችን በፊት ሽፋኑን እናንብብ። ከዘፋኙ ስም በታች፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የአሳታሚ ስም እናገኝ ይሆናል።