የ794ኛው ውሳኔ ቃላት በሶማሊኛና በአማርኛ ሲመዘኑ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 የጸጥታው ምክር ቤት ያጸደቀው 794ኛው ውሳኔ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ በሶማሊያ ኃይል ለመጠቀም በር የከፈተ ሰነድ ነው። ፈቃድ የሚጠየቅ መንግሥትም አልነበረም፤ የማሳመኑ ሸክም ሁሉ በቃላት ላይ ወደቀ።

ሰነዱ ሁኔታውን «ልዩ» ይለዋል። ይህ ቅጽል ከመግለጫነቱ ይልቅ አጥርነቱ ያመዝናል፤ ውሳኔው ነገ በሌላ አገር ላይ እንዳይጠቀስ ያግዳል። ለዓለም ሰላም አስጊ የተባለውም የጎረቤት ወረራ ሳይሆን የሰብአዊው መከራ ግዝፈት ነው። «ከሶማሊያ ለቀረቡ አስቸኳይ ጥሪዎች» ምላሽ መስጠቱንም ያወሳል፤ ጠሪው ግን በሐረጉ ውስጥ የለም።

ይህ ክፍተት በሶማሊኛ ጎልቶ ይታያል። ጣልቃ መግባት በሶማሊኛ «ፋራጌሊን» ነው፤ «ጣት» እና «ማስገባት» ከሚሉ ቃላት የተጣመረ፣ እንደ አማርኛው «ጣልቃ ገብነት» ሲሰሙት የሚጎረብጥ ቃል። በጎ ጎኑን ለመግለጽ «ጉርማድ» አለ፤ የድረሱልኝ ጩኸት ሰምቶ መድረስ። ጉርማድ ግን ጠሪና ደራሽ የሚተዋወቁበት ግዴታ ነው። ጠሪው ያልታወቀ ጉርማድ ለሶማሊኛ ተናጋሪ ጆሮ ጎዶሎ ነው።

ጉድለቱ በተግባርም ታይቷል። ሶማሊያን መልሶ የማቋቋም ሰፊ ሥልጣን የሰጠው 814ኛው ውሳኔ የጸደቀው ማርች 26 ቀን 1993 ነበር። የሶማሊያ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ስምምነታቸውን የፈረሙት በማግስቱ ነው። ደራሹ የባለቤቶቹን ቃል አንዲት ሌሊት እንኳ አልጠበቀም።

ጁን 5 የፓኪስታን ወታደሮች ከተገደሉ በኋላ፣ በማግስቱ የወጣው 837ኛው ውሳኔ ትኩረቱን ከረሃብ ወደ ጥፋተኞች አዞረ፤ ተይዘው ይቀጡ አለ። ጥፋተኛ ደግሞ መጠሪያ ይሻል። ሶማሊኛ ሁለት አለው፦ «ዳጋል ኦጌ»፣ ጦርነት ለኳሽ፤ «ሆጋሚዬ ኮሔድ»፣ የቡድን መሪ። የኋለኛው ሥሩ «ሆጋን»፣ የግመል መሳቢያ ገመድ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ወገን መለየት ነው። የአማርኛ ጋዜጦች «የጦር አበጋዝ» ማለታቸው ግን የሚያስገርም ነው፤ አበጋዝ በቀድሞው ዘመን የተከበረ የጦር አዛዥ ማዕረግ ነበርና። የውጭው ቃል ሊያወግዝ የመጣበትን ሰው አማርኛው ሾሞት አረፈ። ያም ሆኖ «የቡድን መሪ» የሚለው ቃል ለተርጓሚዎች ሩቅ አልነበረም።