«ዜሮ» ሲተረጐም፤ በጠመንጃ መነጽር ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የጠመንጃ መነጽር አጠቃቀም መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ረቂቁ ለቃላት እርማት ቀርቦልን ነበር። ተርጓሚው ለሰዋስው የተጠነቀቀ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም የተስተካከለ ነው። ይሁን እንጂ የሥራውን ዋና ቃል በሁለት መንገድ ተርጕሞታል። በአንዱ ገጽ «ጠመንጃውን ዜሮ ማድረግ» ሲል በሌላው ገጽ «ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ» ብሏል። ወደ ማብቂያው ላይም «ባዶ የሆነው ጠመንጃ ለተኩስ ዝግጁ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እናገኛለን። ይህን መመሪያ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ምን ይረዳል? በመንዝም ሆነ በግሼ፣ በመርሐ ቤቴም ቢሆን፣ ባዶ ጠመንጃ ማለት ጥይት ያልጐረሰ ጠመንጃ ነው። «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ ሰው እንደሚሞት ደግሞ ለዚያ አገር ሰው መንገር አያሻም። ስለዚህ ስሕተቱ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በመሠረቱ የሚተረጐመው ሥራ ምንድን ነው? ተኳሹ በመነጽሩ ውስጥ የሚያየው መስቀለኛ መስመር የሚያርፍበት አንድ ነጥብ አለ፤ ጥይቱ የሚያርፍበትም ሌላ ነጥብ አለ። መነጽሩ በጠመንጃ ላይ እንደ ተገጠመ ሁለቱ ነጥቦች አይገናኙም። በታወቀ ርቀት፣ ለምሳሌ በ100 ሜትር፣ ጠመንጃውን በድጋፍ አስቀምጦ ጥቂት ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ መተኰስ፣ የተመቱትን ቦታዎች መካከል መፈለግ፣ ልዩነቱን መለካት፣ ከዚያም የዓይኑ ማረፊያና የጥይቱ ማረፊያ አንድ እስኪሆኑ ድረስ የመነጽሩን ማዞሪያ ማዞር፤ ሥራው ይኸው ነው። ቃሉ የሚሰይመው እንግዲህ ባዶነትን ሳይሆን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት መጥፋቱን ነው። ተርጓሚው የተረጐመው ቍጥሩን እንጂ ድርጊቱን አይደለም።

የአማርኛ የነፍጥ ቃላት ታሪክ በዚህ ረገድ ጥሩ መምህር ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዙ ነጋሲ ነው፤ ከዚያው ዘር የሆኑት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር ሲዋዋሉ ከቀረቡላቸው ስጦታዎች መካከል ጠመንጃ ይገኝበት ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ስናይደር በእኛ አፍ «ሰናድር» ሆነ፤ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ «ውጅግራ» ተባለ፤ ከቤልጅግ የመጣውም «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ። ዕቃው ስሙን ይዞ ገባ ማለት ነው። ድርጊቱ ግን ስሙን ይዞ አልገባም። በጋለ ብረት ማቃጠልን ይሰይም የነበረው «ተኰሰ» ለነፍጥ ተሰጠ፤ እናት ልጇን የምታጐርስበት «አጐረሰ» ጥይት ለማስገባት ዋለ፤ ሕልም የሚታይበት «አለመ» ዒላማ የሚታይበትም ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመንዝና በመርሐ ቤቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የተዋጉ አርበኞች የታጠቁት የባዕድ ስም ያለው መሣሪያ ነበር፤ ያጐርሱት፣ ያልሙበትና ይተኵሱት የነበረው ግን በአማርኛ ግሥ ነው። ከዚህ የምናገኘው መመሪያ ግልጽ ነው፤ የዕቃ ስም መዋስ ይቻላል፣ የእጅ ሥራ ስም ግን ከቤት መፈለግ አለበት።

እንግዲህ ከቤት ያሉትን ዕጩዎች እንመርምር።

ሀ) «ማነጣጠር» ተኳሽ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚፈጽመው ነው። የምንሰይመው ግን አስቀድሞ በመሣሪያው ላይ የሚፈጸመውን ነው፤ ስለዚህ አይሆንም።

ለ) «ማስተካከል» ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሰፊ ነው። የማሰሪያውን ቍልፍ ማጥበቅም፣ የምስሉን ጥራት ማስተካከልም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ሐ) «መቃኘት» እጅግ ያማረ ዕጩ ነው። ክራርና በገና ይቃኛሉ፤ የክሩ ድምፅ ከሚፈለገው ዜማ ጋር እስኪገጥም ይጠብቃል፣ ይላላል። ሆኖም በውትድርና «ቃኘ» ማለት ሰለለ፣ አካባቢን አየ ማለት ስለ ሆነና መነጽርም የቅኝት መሣሪያ ስለ ሆነ፣ «መነጽሩን ቃኘ» እና «በመነጽሩ ቃኘ» በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንባቢን ያደናግራሉ።

መ) «ማቃናት» የጠመመውን ወደ ቀጥታው መመለስ ነው። የተቃና መነጽርና ያልተቃና መነጽር ብሎ ሁኔታውን መለየት ይቻላል፤ ከጥይት መኖርና አለመኖር ጋርም አይጋጭም።

እኛ የምንደግፈው የመጨረሻውን ነው። ጕድለት የለውም አንልም። «ጠመንጃውን ማቃናት» ብቻ ቢባል የጐበጠ አፈሙዝ ማረም ሊመስል ስለሚችል፣ ዘወትር «መነጽር ማቃናት» ወይም «ማነጣጠሪያ ማቃናት» ተብሎ መነገር ይገባዋል። የመሣሪያ ስሙ «ማቃኛ» ደግሞ ከ«መቃኛ» ጋር ስለሚቀራረብ እርሱን ትተን «ማዞሪያ» ብንል ይሻላል። «ዜሮ» የሚለው ቃል በወታደሩ አፍ ስለ ገባ አይነቀልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በማዞሪያው ላይ ለተጻፈው ቍጥር «ዜሮ» ይቆይ፤ በዚያ ቦታ ዕቃ እንጂ ድርጊት አይሰይምምና።

ረቂቁ በሌሎች ሦስት ቃላትም ይሰናከላል። መጀመሪያ፣ ማዞሪያው ሲዞር የሚሰማውን እያንዳንዱን ደረጃ «ጠቅታ» ብሎታል። ጠቅ የሚደረግ ነገር ይነካል ወይም ይጫናል እንጂ አይዞርም። የመንዝና የመርሐ ቤቴ ገበሬ በማሳው ላይ የሚሠራው «እርከን» አለለት፤ «አንድ እርከን፣ ሁለት እርከን» ቢባል ትርጕሙም ቍጥሩም ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የማዞሪያውን አቅጣጫ ሲያስረዳ «ወደ ታች ከሆነ ወደ ላይ አዙር» ይላል። ወደ ላይ የሚሄደው ማን ነው? በማዞሪያው ላይ ያለው ቀስት እንደ ተለመደው የሚያመለክተው የጥይቱ ማረፊያ የሚሄድበትን ነው። ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢያርፍና አንዱ እርከን በዚያ ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ቢያንቀሳቅስ፣ 8 እርከን ወደ ላይ፣ 5 እርከን ወደ ቀኝ ይዞራል። አንባቢው በተቃራኒው ከተረዳው ቀጣዩ ጥይት 16 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ያርፋል። አማርኛ ባለቤቱን በግልጽ ሊናገር የሚችል ቋንቋ ሆኖ ሳለ ባለቤቱን መደበቅ የተርጓሚ ጥፋት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው «ከፍታ» ነው። ረቂቁ የላይና ታች ማስተካከያውንም ከባሕር ወለል በላይ ያለውንም ልክ በዚሁ አንድ ቃል ስለ ጠራ «ከፍታ ሲለወጥ ከፍታውን አስተካክል» እስከማለት ደርሷል። በዚህ አገር ሁለቱን መለየት ግድ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ዓለም ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጀማ ሸለቆ ከእርሷም እጅግ ዝቅ ይላል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ ጥይቱን የሚገታው ኀይል ይቀንሳል፤ በቈላ የተቃና መነጽር በደጋ፣ በሩቅ ዒላማ ላይ፣ ጥይቱን ከፍ አድርጎ ያሳርፋል። ከገደል አፋፍ ቍልቍል ሲተኰስም እንዲሁ ነው፤ ዓይን የሚለካው 400 ሜትር ቢሆን፣ ቍልቍለቱም 30 ዲግሪ ቢሆን፣ የጥይቱ መውደቅ የሚሰላው በአግድሙ ርቀት፣ ማለትም በ346 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ከፍታ» ለመሬቱ ይቅር፤ ለመነጽሩ «የላይ ታች ማስተካከያ» እና «የግራ ቀኝ ማስተካከያ» ይባል። ረቂቁ ሁለተኛውን «የነፋስ ማስተካከያ» ማለቱም ነፋስ በሌለበት ቀን የማይነካ ያስመስለዋል።

ተርጓሚውን የምንወቅሰው በድፍረቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል። የምንወቅሰው ቃሉን ከመዝገብ ፈልጎ ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ባለመጠየቁ ነው። ጠመንጃ ይዞ አፋፍ ላይ ቆሞ የኖረ ሰው «ባዶ የሆነው ጠመንጃ ለተኩስ ዝግጁ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ቢነበብለት ኖሮ፣ ረቂቁ ሳይታረም ከእጁ አይወጣም ነበር።