«ቁም መዘውር» ወይስ «መጠቅለያ»? በመርከብ ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

የአንድ መሣሪያ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ከጎረቤቱ በምን ይለያል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ከሚዘነጋባቸው መስኮች አንዱ የመርከብ ሥራ ነው። እንግሊዞች ካፕስታን፣ ዊንድላስና ዊንች እያሉ የሚለዩዋቸው ሦስት መሣሪያዎች በተርጓሚ እጅ ሲያልፉ አንድ ጊዜ «መጠቅለያ»፣ ሌላ ጊዜ «የመልሕቅ ማንሻ»፣ ሲብስም «ክሬን» ሆነው ይወጣሉ። ሦስቱም ስያሜዎች ሊታረሙ ይገባል እንላለን፤ ምክንያታችንንም በየተራ እናቀርባለን።

ካፕስታን በመርከብ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በራሱ ዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከር ወፍራም ግንድ ነው። በሸራ መርከቦች ዘመን በአናቱ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች ረጃጅም መግፊያ እንጨቶች ይሰኩና መርከበኞች ደረታቸውን አስደግፈው እየገፉ ይዞሩት ነበር። በግርጌው ያሉት ጥርሶች ግንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰዎቹን እንዳይመታ ይይዙታል። ዛሬ የሰዉን ጉልበት የኤሌክትሪክ ወይም የዘይት ግፊት ሞተር ተክቶታል፤ የግንዱ አቋም ግን አልተለወጠም። ዊንድላስ የሚባለው በአንጻሩ ዘንጉ አግድም የተጋደመ ነው። ዊንች ደግሞ ገመዱን በከበሮው ላይ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ነው።

እንግዲህ «መጠቅለያ» የሚለውን እንመርምር። ጠቀለለ የሚለው ግሥ ነገሩ በመጨረሻ ተጠቅልሎ እንደሚቀር ያመለክታል። በካፕስታን ላይ ግን ገመድ አይቀርም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠምና በአንድ ወገን እየገባ በሌላው ወገን ይወጣል። ኃይሉን የሚሰጠው በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። በኦይለርና በአይተልቫይን ስም የሚታወቀው ቀመር ይህንን በግልጽ ያሳያል፦ የሰበቃው ቁጥር 0.25 ቢሆን፣ በገመዱ ጅራት የተያዘ አንድ ኪሎ ኃይል በአንድ ዙር ጥምጥም 5 ኪሎ ያህል፣ በሁለት ዙር 23፣ በሦስት ዙር 111 ያህል ይቋቋማል። ጅራቱን የሚይዝ ሰው ከሌለ ግን ጥምጥሙ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1765 ወደ ባሕር በወረደችው ቪክቶሪ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ደግሞ የመልሕቁ ገመድ ዙሪያው 60 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ነበር ከናካቴው በግንዱ ላይ አይጠመጠምም ነበር፤ ሁለት ጫፉ የተያያዘ ሌላ ቀጭን ገመድ በግንዱ ይዞርና ወፍራሙ ገመድ በዚያ ላይ እየታሰረ ይጎተት ነበር። ይህን መሣሪያ «መጠቅለያ» ማለት የማይሠራውን ሥራ በስሙ ላይ መጻፍ ነው።

«የመልሕቅ ማንሻ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። መልሕቅ የሚለው ቃል ከግእዝ የተወረሰ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 በጳውሎስ የባሕር ጉዞ ታሪክ ለአንባቢ ሁሉ የተዋወቀ ስለ ሆነ ስሙን ተወዳጅ ያደርገዋል። ሆኖም ካፕስታን መልሕቅ ብቻ አያነሣም፤ መርከብን ከወደብ የሚያስሩትን ገመዶችም ይስባል። መልሕቅ የሚያነሣውም እርሱ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 4568 ያወጣው ደረጃ ዊንድላስንና የመልሕቅ ካፕስታንን በአንድ ርእስ ሥር ያሰፈራቸው ሥራቸው ስለሚገናኝ ነው፤ በሁለት ስም የጠራቸው ደግሞ አንድ ስላልሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ ከመርከብ ወርዷል። በቴፕ መቅረጫ ውስጥ ክሩን እኩል በሆነ ፍጥነት የሚስበው ቀጭን ዘንግ በእንግሊዝኛ ካፕስታን ይባላል፤ ክሩን የሚጠቀልሉት መንኮራኩሮች ሌሎች ናቸው። የስያሜው ምክንያት እዚህም ያው ነው፦ መሣሪያው ይስባል እንጂ አያጠራቅምም። በመልሕቅ ላይ የተመሠረተ ስም ወደ ቴፕ መቅረጫ ሊሻገር አይችልም።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዝኛው ካፕስታን ሥሩ በላቲን የእንስሳ ማሰሪያ ልጓም ማለት ነው፤ ዊንድላስ ደግሞ ከጥንት የስካንዲናቪያ ቋንቋ የመጣና «መዘወሪያ እንጨት» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በቤተ ሰብ አይዛመዱም፤ ስለዚህም ተርጓሚ ዝምድናቸውን ከስማቸው ሊያውቅ አይችልም። ጀርመኖች ግን «ሽፒል» የሚል አንድ የወል ስም ይዘው፣ ሰው እየተራመደ የሚያዞረውን «ጋንግሽፒል»፣ እንደ ሥጋ መጥበሻ እንጨት የተጋደመውን «ብራትሽፒል» ይሉታል። አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከዚህ የተሻለ አርአያ የለም።

ባዕዱን ቃል እንዳለ እንውሰድ የሚሉ ወገኖች ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብሎን፣ ካቻቢቴና ክሪክ ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዥ ቤት ሥር ሰድደዋል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ከዕቃው ጋር በሠራተኛው እጅ የገቡ ናቸው። ካፕስታን ለአብዛኛው አማርኛ አንባቢ ዕቃው ሳይታይ በጽሑፍ ብቻ የሚመጣ ቃል ስለ ሆነ፣ ስሙ ራሱ ጥቂት ማስረዳት ይኖርበታል። ከግእዝ ያልተለመደ ሥር ፈልጎ አዲስ ቃል ማውጣትም አንዱን እንግዳ በሌላ እንግዳ መተካት ይሆናል።

ስለዚህ «መዘውር» የወል ስም ይሁን እንላለን። ዘወረ ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ «የሥልጣን መዘውር» እየተባለ በዘይቤም ስለሚነገር ለጆሮ አይጎረብጥም። ካፕስታን «ቁም መዘውር»፣ ዊንድላስ «አግድም መዘውር»፣ ዊንች «መጠቅለያ መዘውር» ይባሉ። «ቋሚ» ያላልነው ቃሉ «የማይንቀሳቀስ» ወይም «ዘወትር የሚኖር» የሚል ትርጉም ስለሚያስከትል ነው፤ «ቁም» ግን «ቁም ሣጥን» በሚለው ስም አቋምን ብቻ ሲያመለክት ኖሯል። ሦስተኛው ስም ከሁለቱ በተለየ መስፈርት መሰየሙ ስሕተት አይደለም፤ ዊንችን ከሌሎቹ የሚለየው ገመዱን ማስቀመጡ እንጂ የዘንጉ አቋም ስላልሆነ ነው። ለገመዱ ሥራም ግሦቹ ይለዩ፦ በቁም መዘውር ገመድ ይጠመጠማል፤ በመጠቅለያ መዘውር ይጠቀለላል።

የሥነ ጽሑፍ ተርጓሚም ከዚህ ተጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በመጽሐፍ መልክ የታተመው የስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» መርከቢቱ ጉዞ ስትጀምር መርከበኞቹ በመግፊያ እንጨቶቹ ዙሪያ ተሰልፈው እየዘፈኑ መልሕቅ ሲያነሡ ያሳያል። ዘፈኑ ርምጃቸውን ያስተባብራል። በዚህ ቦታ «ክሬን» የሚል ቃል ቢገባ ሰዎቹ ለምን እንደሚዘፍኑ አይታወቅም። «ቁም መዘውር» ቢባል ግን አውድማ ላይ በሬዎች ሲዞሩና ነጂው ሲያዜም ያየ አንባቢ ትእይንቱን ያለ ማብራሪያ ያገኘዋል።

ጉዳዩ ግን በልብ ወለድ አያበቃም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ በምጽዋ ኖሯል፤ የባሕር በር ከቀረ በኋላም ኢትዮጵያውያን መርከበኞች በአገር ውስጥ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ይሠራሉ። በመርከብ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሠልጣኙ ነገሩን የሚያስበው ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። «መጠቅለያ» ተብሎ የተማረ ሰው መሣሪያው ገመዱን ይዞ ያስቀርልኛል ብሎ ጅራቱን ቢለቅ፣ በውጥረት ላይ ያለ ገመድ በድንገት ይሸሻል፤ የተወጠረ ገመድ ሲያመልጥ ወይም ሲበጠስ ደግሞ ሰው ይገድላል። በመርከብ ማሰሪያ መሣሪያዎች ደኅንነት ላይ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደንብ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ አደጋ ስለሚታወቅ ነው።

ከዚህ በላይ ያቀረብናቸው ሦስት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የተሻለ ስም ያለው ባለሙያ ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን፤ ይሁን እንጂ የሚቀርበው ስም ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ይኖርበታል፦ ካፕስታንን ከዊንድላስ ይለያልን? ገመዱ እንደማይቀር ለጀማሪው ይነግረዋልን? እነዚህን ያላለፈ ቃል ምንም ያህል ቢያምር በመዝገበ ቃላት ሊሰፍር አይገባውም።