«ዋጋ በውስጥ መስመር»

እናቴ ስልኳን ስታናግር ከሰላምታ ነው የምትጀምረው። የማይክሮፎኑን ምልክት በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ ስልኩን እንደ ቡና ስኒ ወደ አፏ ጠጋ ታደርግና «እንደምን ዋላችሁ» ትላለች፤ ውስጡ ማን እንዳለ ስለማታውቅ በብዙ ቁጥር። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ትገባለች፦ «ለአሥር ሰው ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይፈጃል?» ሰላምታውም ጥያቄውም ተያይዞ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይጻፋል።

ሥራዬ መለወጡ የገባኝ ይህን ሳይ ነው። እንጀራዬ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለምግብ ቤት ድረ ገጽ መጻፍ ነው፤ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ ደንበኞቼ ከፊት እንዲመጡ። ስለ ዶሮ ወጥም ጽፌ አውቃለሁ። «የዶሮ ወጥ አሠራር» የሚለውን ርዕሱ ላይ፣ መግቢያው ላይ፣ ከፎቶው ሥር ደጋግሜዋለሁ፤ እንዲያውም አንዱን በሰ፣ አንዱን በሠ። ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈጅ ግን የትም አልጻፍኩም። ማን ይጠይቃል ብዬ? በጣቱ የሚጽፍ ሰው ሦስት ቃል ላይ ይሰለቸዋል። በአፉ የሚጠይቅ ግን ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ ዘርዝሮ ነው የሚጠይቀው።

የድሮው ሙያችን ግማሹ የፊደል ጣጣ ነበር። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። ለመጀመሪያው ድምፅ ጸ እና ፀ አሉ። ለሁለተኛው ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ራብዖቻቸው ሃ፣ ሓ፣ ኃም በአነጋገር አይለዩም። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈው ወጣት ከታከለበት ቁጥሩን ተዉት። እነዚህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አንባቢ ሳይነቃ ለመሸጎጥ ስንት ሌሊት አምሽቻለሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች መካከል ጨመረ። «ፀሐይ» ብሎ የሚናገር ሰው አሥራ ሁለቱን አይናገርም፤ የትኛው እንደሚጻፍ የሚመርጠው ማሽኑ ነው። የሸጎጥኳቸው ቃላት ቀስ በቀስ ሥራ ፈቱ። አልቆጨኝም።

በምትኩ ሌላ ጣጣ መጣ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። እናቴ «ገና»ን አጥብቃ ስትናገር በዓሉን ማለቷ ነው፤ አላልታ ስትናገር ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለቷ ነው። ጆሮ ይለየዋል፤ ፊደሉ ላይ ሲያርፍ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ማሽኑ ጽሑፌን መልሶ ጮክ ብሎ ሲያነብም የላላውን አጥብቆ፣ የጠበቀውን አላልቶ ያስቀኛል። ስለዚህ አሁን የጻፍኩትን ለራሴ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ለገና ልዩ ዝግጅት» የነበረው «ለገና በዓል ልዩ ዝግጅት» ሆኗል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ከስህተት ታድናለች።

በድምፅ የሚታዘዙት ረዳቶች፣ ሲሪ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሌክሳ በ2014 ሲመጡ አማርኛ አይችሉም ነበር። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን አሌክሳን ሙዚቃ ክፈቺ የሚላት በእንግሊዝኛ ነው። በ2020 ከፍለጋው ግማሹ በድምፅ ይሆናል የሚል ትንበያ ደግሞ በሙያው ስብሰባ ሁሉ ሲደጋገም ሰምተናል። ዓመቱ መጣ፣ ሄደ፤ የተባለው አልሆነም። እኔም ያንን ትንበያ ለደንበኞቼ ከሸጡት አንዱ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከትንበያው ይልቅ ያስተማረኝ የአንድ ክሊኒክ ነገር ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራሉ። የኢንተርኔት ካርታ ላይ ሲመዘገቡ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሰዓቱን እንደምታውቀው ሞላችው፤ መክፈቻ 2፡00፣ መዝጊያ 12፡00። ካርታው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለስልኩ ክሊኒኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ልክ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ «አሁን ክፍት ናቸው?» ብሎ ስልኩን የጠየቀ ሕመምተኛ «ዝግ ነው» ይባላል፤ ሐኪሙ ግን ነጭ ጋውኑን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ድሮ ቢሆን ሰውየው ገጹን ከፍቶ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለውን በዓይኑ ያየውና ይገባው ነበር። አሁን በእሱና በእኛ መካከል ሌላ ተናጋሪ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጽፍ ሁለቱንም ነው፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡00» እያልኩ።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ በኋላ ይህ ተናጋሪ አንደበቱ ተፈታ። በ2024 ጎግል በአሜሪካ ከፍለጋው ውጤት በላይ ራሱ ያጠናቀረውን መልስ ማስቀደም ሲጀምር፣ አይቡ ከፒዛው ላይ እንዳይንሸራተት ሙጫ ጨምሩበት የሚል ምክር ሰጠ። ምንጩ ሬዲት በሚባል የውይይት ገጽ ላይ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ ቀልድ ነበር። በእንግሊዝኛ ያንን ቀልድ የሚያርም ብዙ ገጽ አለ። በአማርኛ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ገጽ ብቻ ተጽፎ አንዱ ቀልድ ቢሆንስ? ማሽኑ የሚያውቀው በግልጽ ቦታ፣ በጽሑፍ የተቀመጠውን ነው። እኛ ደግሞ ዕቃችንን የምናስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው።

ወጣቶቹ ምሳ የት እንደሚበሉ ቲክቶክን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጎግል ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ፕራብሃካር ራጋቫን ራሳቸው፣ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉ ወጣቶች ለዚህ ጉዳይ ወደ ቲክቶክ ወይም ኢንስታግራም እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ስለዚህ ለምግብ ቤቶቹ ቪዲዮው ላይ የሰፈሩን ስም በአፋችሁ ጥሩት እላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ምክር የለኝም፤ ጭፈራው የእኔ ሙያ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ቴሌግራም ነው። ነጋዴው ሁሉ እዚያ ነው። የሚለጥፈው ፎቶ ነው፤ የዕቃው ስም፣ መጠኑ፣ አድራሻው ሁሉ ፎቶው ላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። የቻናሉ መፈለጊያ የሚያገኘው የተጻፈ ቃልን ነው፤ ፎቶ ላይ ያለውን አያነብም። ስልኩን «ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኘው ከማን ነው? ዋጋውን ከጻፈ ከሌላ ሰው፤ ምናልባትም ከሁለት ዓመት በፊት ከጻፈ ሰው።

የቤት ዕቃ የሚሸጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ። ዋጋ እንጻፍ ስላቸው ተቆጡ። «ተፎካካሪዬ እንዲያየው ነው?»

«ጋሼ፣ ተፎካካሪዎማ ድሮ ሰው ልኮ ጠይቋል። ያላወቀው ገዢው ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም። ገጻቸው ላይ አሥራ ሁለት ሶፋ አለ። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ዋጋ አስጻፉኝ። የቀሩት አሥራ አንዱ አሁንም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ።