የውሃ ሞተር ጥገና በምን ይመዘናል?

በፎገራ ሜዳ ክረምቱ የሩዝ ነው፤ በጋው ግን የሽንኩርት። ርብና ጉማራ ዳር ያለውን ማሳ የሚያጠጣው የቤንዚን ሞተር ወረታ ጋራዥ ገብቶ ሲወጣ፣ ሥራውን ባለቤቱ ራሱ መመዘን ቢችል እወዳለሁ።

ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ነው፤ ነዳጁ ተቀጣጥሎ ግፊቱ እስኪበረታ ጊዜ ይወስዳልና። መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት ይህንን ነው። እንደ ሆንዳ ጂኤክስ160 ባሉ ሞተሮች ቅድሚያው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 3,600 ጊዜ ለሚዞር ሞተር ይህ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ታይሚንጉን የሚያስተካክል ብሎን የለም። የሚወስነው ቮላኖው፣ ማለትም ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ከባድ መዘውር፣ ላይ ያለው ማግኔት እሳት በሚያመነጨው ኮይል ፊት የሚያልፍበት ቅጽበት ነው። ቮላኖውን በዘንጉ ላይ ቦታውን የምታስይዘው ደግሞ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ብረት ናት። ፓምፑ ጠጠር ውጦ ድንገት ሲቆም ወይም የቮላኖው ዳዶ ሲላላ ቁራጯ ትቆረጣለች፤ ታይሚንጉም ይዛባል። እሳቱ ከቀደመ ማስነሻ ገመዱ እጅን መንጭቆ ይመልሳል። ከዘገየ ጉልበት ይጠፋል፣ ማርሚታው ከልክ በላይ ይግላል፣ አልፎ አልፎም ይተኩሳል።

ስለዚህ ካርቡሬተር ነካክቶ «ታይሚንጉን አስተካክያለሁ» ከሚል ሰው ይልቅ ቮላኖውን በመዶሻ ሳይደበድብ በመሳቢያ የሚያወጣውን አምናለሁ። አሮጌዋን ቁራጭ አሳየን በሉት። በምትኩ ምስማር ቆርጦ ከከተተ ሥራው ገና አልተሠራም፤ ምስማር ይላወሳል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ቮላኖውን ጨብጦ የሚይዘው የዘንጉና የቀዳዳው ሾጣጣ ገጽ መጣበቅ ነው፤ ቁራጯ ቦታ ጠቋሚ ብቻ ናት። ይህ የገባው መካኒክ ሁለቱን ገጾች ከቅባት አጽድቶ ያደርቃል፣ ዳዶውንም በእጅ ግምት አይተወውም። በኮይሉና በቮላኖው መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በካንዴላው ጫፍ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን ለክቶ ያሳያችኋል።

ጉልበት ልጨምር ብሎ ቁራጯን የሚሞርድ ካለ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ሞተሩ በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ይህ ጉድለት በታይሚንግ አይካስም፤ ደህና መካኒክ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

በደረቁ አስነስቶ በሚያሰማችሁ ድምፅም አትርኩ። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲዞር ማኅተሙ ይቃጠላል፣ ጭነት የሌለው ሞተርም ጉድለቱን አያሳይም። በርሜል ውሃ አቅርቦ ይሳብበት፤ በደንብ ሲሞቅ ያጥፋው፤ ከዚያ ገመዱን እናንተው ሳቡ።