ያልተከፈተው መዝገብ፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን የንብረት ነጠቃ በወለጋና የሰነዶቹ ጥያቄ

የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት የነጠቀውን ንብረት ዱካ የሚከተል ተመራማሪ ሰሜን ጣሊያን ላይ ሥራው ይቀልለታል። በኖቬምበር 1938 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዘር ሕግ አይሁዳውያን ዜጎች ሊይዙት ለሚችሉት መሬትና ሕንፃ ጣሪያ አበጀ። በፌብሩዋሪ 1939 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 126 ደግሞ ከጣሪያው በላይ የሆነውን የሚረከብ፣ የሚያስተዳድርና የሚሸጥ ኤጄሊ የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ባለንብረቱ በምትኩ የሚሰጠው በ30 ዓመት የሚከፈል የመንግሥት ሰነድ ነበር። በጃንዋሪ 1944 ሙሶሊኒ በሰሜን ጣሊያን የመራው የሳሎው መንግሥት ጣሪያውንም ሰነዱንም ወዲያ ጥሎ ሁሉንም ወረሰ። ሥራውን በየአካባቢው ያካሄዱት ባንኮች ስለነበሩ የቀረው ወረቀት የባንክ ወረቀት ነው፤ ማኅደሩ በስም ተከፍቷል፣ ውስጡም የዕቃ ዝርዝር አለ። ፋቢዮ ሌቪ የቱሪኑን የሳን ፓውሎ ባንክ ማኅደሮች መርምሮ ጥናቱን በ1998 አሳተመ። በዚያው ዓመት በቲና አንሴልሚ ሊቀመንበርነት የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽንም በ2001 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ትልቁ ጉልበቱ እንዲህ ያሉት መዝገቦች ነበሩ። የውርስ ዝርዝሮቹ ከሕንፃና ከአክሲዮን ይነሱና እስከ ድስት፣ እስከ አንሶላ፣ እስከ ተለበሰ ልብስ ይወርዳሉ።

ያው መንግሥት በእነዚያው ዓመታት ወለጋ ውስጥም ይነጥቅ ነበር። ለወለጋ ባላገር ግን ኤጄሊ አልተቋቋመለትም። የጎተራውን እህል የሚቆጥር፣ የከብቱን ቁጥር በስሙ የሚያስገባ፣ በውሸትም ቢሆን የ30 ዓመት ሰነድ የሚቆርጥለት ጸሐፊ አልተመደበም። ብዙ ጊዜ ስለ ወረራው ዘመን ሲነገር ሰነዱ ጠፋ፣ ተቃጠለ፣ ሮም ተወሰደ ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ነገር ግን የወለጋው ዝርዝር ጠፍቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው፤ ያልተጻፈውም ወራሪው ፊቱ የቆመውን ሰው እንደ ባለንብረት ስላልቆጠረው ነው።

ንጽጽሩ የወረቀት ንጽጽር መሆኑን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። የጣሊያን አይሁዳውያን ከንብረታቸው በኋላ ሕይወታቸው ነበር የተፈለገው፤ ከ1943 ወዲህ በባቡር ወደ አውሽዊትዝ የተጫኑት የእነዚያው ማኅደሮች ባለቤቶች ናቸው። መዝገቡ በደንብ መያዙ ማንንም አላዳነም፤ የጠቀመው በሕይወት ለተረፉትና ለወራሾቻቸው ነው። ሁለቱ ታሪኮች በአካል የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ሮም ኢትዮጵያን እንደያዘች የጣሊያን አይሁዳውያን ማኅበረሰቦች ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለውን ጠበቃ ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያን አይሁዳውያን፣ እንዲያደራጅ ወደ አዲስ አበባ ልኮት ነበር። ይህ የሆነው በ1936 እና በ1937 ነው። ዶክተር ፋይትሎቪች የመሠረቱትና ታምራት አማኑኤል ይመሩት የነበረው የአዲስ አበባው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት በወረራው ተዘጋ፤ ታምራትም ተሰደዱ። መልእክተኛው ቪቴርቦ ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ የዘር ሕጉ በራሱ ላይ ወጣ፤ በ1940 ደግሞ ታሰረ። መንግሥት ወደ ቅኝ ግዛቱ ለሥራ የሄደውን ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ጠላት ብሎ ሲያስር፣ ሁለቱን የነጠቃ ሥርዓቶች ለየብቻ ማጥናቱ የት ላይ እንደሚያጎድል ያሳያል።

ወደ ነቀምቴ እንመለስ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ምዕራቡ ገና አልተነካም ነበር። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ወደዚህ መጣ፤ ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ነበሩ። የነቀምቴው ገዥ የኩምሳ ሞሮዳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ሌላ ስሌት ነበራቸው፤ ከሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ጋር ሆነው የእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲሰጣቸው ጻፉ። ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት የጥቁር አንበሳ ሰዎች ከነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ እዚያው ሞተ፤ የኮንሶላታው ሚሲዮናዊ አባ ቦሬሎ ተረፈ። ጣሊያኖች ነቀምቴን የያዙት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

ቦነያ ለሰነድ አጥኚ አስተማሪ ቦታ ነው። የጣሊያን ሟቾች ስም፣ ማዕረግና ወታደራዊ ሜዳሊያ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል፤ አንቶኒዮ ሎካቴሊን የመሰሉት በአገራቸው ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ መንገድም ተሰይሞላቸዋል። ከአውሮፕላኖቹ የተረፈው ብረት ነቀምቴ ባለው የወለጋ ሙዚየም ይታያል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ገበሬ ላይ ስለደረሰው ግን እንዲህ በስም የተዘረዘረ ወረቀት አይቀርብልንም። አንዱ ወገን የጠፋበትን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ቆጥሯል፤ ሌላው የጠፋበትን በቃል ነው የያዘው።

ነጠቃው በምን መልክ ተካሄደ? ሕጋዊው መሠረት ቀላል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ፣ የቤተ መንግሥቱና የመንግሥት የነበረው መሬት ሁሉ በድል አድራጊነት ወደ ጣሊያን መንግሥት ዞረ ተባለ፤ በዚህ ላይ የሸፈተና የተሰደደ ሰው ንብረት በአዋጅ ይወረሳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ኖኩራና ወደ ደናኔ የተጋዙት ሰዎች ቤትና ርስት በዚህ መንገድ ባለቤት አጣ። በሆለታና በቢሾፍቱ መሬቱ ለጣሊያን ዘማቾች ድርጅት ተሰጠ፤ ጨርጨር ለፑሊያ፣ ወገራ ለሮማኛ፣ ጅማ ለቬኔቶ ሰፋሪዎች ተደለደለ። ኃይሌ ላሬቦ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት የሰፈራው ሕልም ከወረቀት ብዙ አልራቀም፤ የመጡት ገበሬዎች ጥቂት፣ የወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ነበር። ወለጋ በጅማ ከሚመራው ግዛት ሥር ወደቀ። እዚህ የተፈለገው የሰፈራ እርሻ ሳይሆን ማዕድን ነበር፦ የዩብዶ ፕላቲነም፣ የወንዝ ዳር ወርቅ። ከዚህ ሌላ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባረሩ፤ አናሲሞስ ነሲብ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት የነቀምቴው የስዊድን ሚሲዮንና የደምቢ ዶሎው የአሜሪካ ሚሲዮን አገልግሎታቸው ተቋረጠ። ሕንዳዊው የመሐመድአሊ ኩባንያ በ1937 ተዘግቶ ከአገር ሲወጣ ለንደን ተቃውሞ አቀረበች፤ ስለዚህ ፋይል አለው። ሚሲዮኖቹም ስቶክሆልምና ፊላዴልፊያ የሚጽፉላቸው ዋና መሥሪያ ቤቶች ነበሯቸው። አቤት የሚልለት የውጭ መንግሥት ያለው ንብረት ወረቀት ያፈራል። አቤት ባይ የሌለው ባላገር ወረቀት የለውም።

ይህ ማለት ግን ነቀምቴ ሰነድ አልባ ከተማ ናት ማለት አይደለም። እንዲያውም ከኢትዮጵያ የክፍለ ሀገር ከተሞች እንደ እሷ የታደሉት ጥቂት ናቸው። በኩምሳ ሞሮዳ ቤት የተጠበቀውን የደብዳቤ ክምችት ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪውልዚ አዘጋጅተው «የወለጋ የታሪክ ሰነዶች» በሚል ርዕስ የመጀመሪያውን ቅጽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትመዋል፤ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያለውን ይሸፍናል። ደብዳቤዎቹ በአማርኛ የተጻፉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡና ወደዚያ የሄዱ ናቸው። በወቄት የሚመዘን የወርቅ ግብር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ የኬላ ቀረጥ፣ የድንበር ክርክር፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ ግብሩ ዘገየ የሚል ቁጣ፣ ይቅርታ የሚለምን ምላሽ ይፈራረቅባቸዋል። ለአንድ የክፍለ ሀገር ገዥ ቤት ይህን ያህል ወረቀት መያዙ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

ግን እነዚህን ሰነዶች የባለይዞታዎች መዝገብ አድርጎ ማንበብ ያሳስታል። የሚነግሩን ከማን ምን ይወጣ እንደነበር ነው እንጂ ማን ምን እንደነበረው አይደለም። ገበሬው የሚታየው በአካባቢው ሹም በአባ ቆሮው በኩል ነው፤ አባ ቆሮው የሚታየው በደጃዝማቹ በኩል። የአካባቢው ሰው መሬቱን ቀድሞ በመያዝ በቀቢዬ ያውቀዋል፣ ወሰኑን በኦሮምኛ ይጠራዋል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ግን ጋሻና ግብር ሆኖ ይጠብቃል። እኔ የነቀምቴውን ክምችት ዋጋ የማየው እዚህ ላይ ነው፦ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም የወለጋ ገበሬ ንብረት የሚጻፈው ሌላ ሰው ሲፈልገው ብቻ እንደነበር ያሳያል። ወራሪው ያገኘው ባዶ መዝገብ ነው፤ ባዶውን ለመሙላት ምክንያት አልነበረውም።

የማይመቸው ጥያቄ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጣሊያኖች የገባርን ሥርዓት ሽረናል ብለው አወጁ። በምዕራብና በደቡብ ብዙ ገባር ለባለ መሬቱ መክፈሉን አቆመ፤ ይህን እንደ በደል አልቆጠረውም። እንግዲህ «ሽፍታ ነው» ተብሎ መሬቱ የተወረሰበት መኳንንት ከነጻነት በኋላ መሬቴ ይመለስልኝ ሲል፣ ያ መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው ስለ ነጠቃ ሌላ የሚለው ነበረው። ቱሪን ላይ እንዲህ ያለ ውስብስብነት የለም፤ ቤቱ የቤተሰቡ ነበር፣ ባንኩ ወሰደው። ወለጋ ላይ የተነጠቀውን ለመቁጠር የማን ነበር የሚለው መጀመሪያ መመለስ አለበት። ይህ የወራሪውን ዕዳ አያቀልለትም፤ በአገሩ ልጆች መካከል ያለውን ሒሳብ ግን ያወሳስበዋል። አንዳንድ የአገራችን ጸሐፊዎች አርበኝነትን ሲተርኩ ይህን ዘለው የሚያልፉት ስለማያውቁት አይመስለኝም።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ያቀረበችው የጉዳት ዝርዝር የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። 760,300 የሞተ ሰው፣ 525,000 የፈረሰ ቤት፣ 2,000 ቤተ ክርስቲያን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የቀንድ ከብት፣ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ፣ 700,000 ግመል፤ በገንዘብ 184,746,023 ፓውንድ። የመጨረሻዋ 23 ፓውንድ ሁልጊዜ ትገርመኛለች። በዜሮ የተሞሉት የከብቶቹ ቁጥሮች ግን ግምት መሆናቸውን አይደብቁም፤ ከወረዳ ወረዳ ተቆጥሮ የተደመረ ነገር እንዲህ ክብ ሆኖ አይወጣም። የትኛው ጎጆ የነቀምቴ፣ የትኛው የጊምቢ እንደሆነ ከድምሩ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የአንሴልሚ ኮሚሽን ከድስቱ ተነስቶ ወደ ድምሩ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ከድምሩ ጀምራ ወደ ጎጆው ሳትወርድ ቀረች። የ1947ቱ ውል በአንቀጽ 74 ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ በ1956 በተደረገው ስምምነት 16.3 ሚሊዮን ሆኖ የቆቃን ግድብ ሠራ። ግድቡ መብራት ሰጥቷል። ጎጆው የተቃጠለበት ገበሬ ግን ካሣ ጠያቂ ሆኖ የሚቀርብበት ቦታ ያ ውል አልነበረውም፤ ከሳሹም ካሣ ተቀባዩም መንግሥት ነበር።

በአገር ውስጥ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ተደፈነ። በ1934 ዓ.ም. ለአርበኞችና ለስደተኞች ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ማካካሻው የተነጠቀውን ሰው ከመፈለግ ይልቅ ያገለገለውን መሸለም ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ከወረራው ዘመን የተረፈ የመሬት ክርክር ካለ አብሮ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ 1929 ዓ.ም. ወሰን የሚከራከርበት ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ክርክር ከሌለ ደግሞ ምስክር አይጠራም፣ ቃል አይመዘገብም። ለታሪክ አጥኚ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ የምናውቀው የባላገር ቃል በአብዛኛው በፍርድ ቤት ክርክር የተጻፈ ነውና።

የወራሪው ወረቀት ሮም አለ። የቀድሞው የአፍሪካ ሚኒስቴር መዛግብት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ የግራዚያኒ ወረቀቶች በማዕከላዊው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። ከጦርነቱ በኋላ በሚኒስቴሩ መዛግብት ላይ የተሾመው ኮሚቴ ጣሊያን በአፍሪካ ስለሠራችው ሥራ የሚያወሱ ቅጾች ያሳተመ ሲሆን፣ አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ ተቺ ጸሐፊዎች ግን ለዓመታት በሩን ሲያንኳኩ ኖረዋል። አሁን በሩ ተከፍቷል፤ አጠቃቀማችን ግን ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪ እዚያ ሲሄድ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ጭፍጨፋውንና መርዝ ጋዙን ነው፤ ፍለጋው ትክክል ነው። ነገር ግን የወረዳ አስተዳዳሪዎች ሪፖርት ስለ ግብር፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ታዘዘ እህልና በቅሎ ያወራል። አሰልቺ ወረቀት ነው። አንድ መኮንን ከአንድ መንደር ይህን ያህል በቅሎ ሰበሰብኩ ብሎ ለአለቃው ሲጽፍ ራሱን የሚያመሰግን መስሎት የነጠቃ ደረሰኝ ይጽፋል፤ የመንደሩንም ስም ይጠራል። ያን ስም በነቀምቴው አካባቢ በጉቶ ጊዳ ወረዳና በዙሪያው ካሉ ወሰኖች ጋር ለማገናኘት የጣሊያንኛ አጻጻፉን ፈትቶ ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ፣ ከዚያም በኩምሳ ቤት ደብዳቤዎች ውስጥ የዚያን ቀበሌ አባ ቆሮ የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ነው፤ ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ቡድን ማሰባሰብ ለእሱ ከማንም ይቀርበዋል።