ሥዕልን በቃል ስለ መተካት፤ በዎርድፕረስና በድሩፓል አሠራር ላይ የቀረበ ትችት

ዓይነ ስውር የሆነ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት የፈተና ቀን አመለጠው። ስንፍና አልነበረም፤ ማስታወቂያው በድረ ገጹ ላይ የወጣው የተፈረመበት ወረቀት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበርና፣ በስልኩ ያለው ስክሪን ሪደር ያነበበለት የፋይሉን ስም፣ ይኸውም ጥቂት ፊደላትና አንድ ረዥም ቁጥር ብቻ ነበር።

የዚህ ችግር መድኃኒት አዲስ አይደለም። በሥዕል ምትክ የሚነበበው አጭር ጽሑፍ፣ አማራጭ ጽሑፍ የሚባለው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲኤምኤል 4.0 ደንብ ግዴታ ሆኗል፤ በ1999 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ይህንኑ በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጦታል። እንግዲህ ደንቡ ሳለ ጉድለቱ ከወዴት መጣ? ብዙዎች የሚወቅሱት ጽሑፍ አቅራቢውን ነው። እኔ ግን ወቀሳው አስቀድሞ የሚገባው ጽሑፉ ለሚዘጋጅበት ፕሮግራም ነው እላለሁ።

ዎርድፕረስን እንመልከት። ሥዕል ሲጫን አራት ሣጥኖች ይቀርባሉ፤ አማራጭ ጽሑፍ፣ ርእስ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚወጣ መግለጫና ዝርዝር። የሚያስገድድ ግን የለም። ርእሱ ከፋይሉ ስም ተወስዶ በራሱ ስለሚሞላ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ሥራው ያለቀ መስሎት ያልፋል። ይባስ ብሎ፣ ስሕተቱን ኋላ ያወቀ ሰው በሥዕሎቹ ማከማቻ ገብቶ ቢያርም፣ በተለመደው አሠራር ቀድሞ በጽሑፍ መካከል የገባው ሥዕል እንደ ነበረ ይቀራል። ይህን ሳውቅ በእውነት ተናድጃለሁ።

ድሩፓል በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ስምንተኛ እትሙ፣ የጣቢያው ኀላፊ ካልለወጠው በቀር፣ አማራጭ ጽሑፍ የሌለውን ሥዕል አልቀበልም ይላል። ይህ ይሻላል፤ ነገር ግን የተገደደ ሰው «ፎቶ» ብሎ ጽፎ ማለፉን ማን ይከለክለዋል? ደግሞም ለጌጥ ብቻ የገባ ሥዕል፣ ስክሪን ሪደሩ ዝም ብሎ እንዲያልፈው፣ አማራጭ ጽሑፉ ባዶ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አስቀድሞ «ይህ ሥዕል ጌጥ ነው ወይስ ነገር ይናገራል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይረዳ ነበር።

የጓደኛዬ ጉዳይ ግን በዚህም አይፈታም። «የፈተና ማስታወቂያ» የሚል አማራጭ ጽሑፍ ቢኖር ፈተና መኖሩን እንጂ ቀኑን አይነግረውም። ወረቀቱ በፊደል ተተይቦ መውጣት ነበረበት፤ አማርኛን በድምፅ የሚያነብ ኢስፒክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለና። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ይሰማል።

ጓደኛዬ በኋላ ተፈቅዶለት ተፈትኗል። ማስታወቂያው ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ያው ፎቶግራፍ ነው።